«ዘራፍ» ካልክ በኋላ

አልበሙን የቀረጽነው ባሕር ዳር ነው። ፈንክና ፊውዥን ነው፤ ከሥሩ ግን ቺክቺካ የሚባለው የጎጃም ምት አለ። ድራመሩ 12/8፣ ማለትም እያንዳንዳቸው በሦስት የተከፈሉ አራት ምቶች፣ ይመታል፤ እኔ ቤዙን በአራት እየቆጠርኩ «አንድ» ላይ እረግጣለሁ፤ የፈንኩ ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ባንዱን ሁሉ ያሳርፍበት የነበረው ምት ላይ።

ሁለት እንግዳ ሳክስፎኒስቶች ከአዲስ አበባ አስመጣን። አልቶ ሳክስ የሚነፋው ክሊኩን፣ ቴምፖ የሚያስጠብቀውን ቋሚ ምት፣ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንደ ጄምስ ብራውን ሳክስፎኒስት ማሲዮ ፓርከር አጭር አጭር እየቆረጠ ነፋና ሥራውን ወዲያው ጨረሰ። እስከ ዛሬ ከአልበሙ ብዙ ሰው የሚወደው እሱ የነፋበትን ነው፤ ይገባዋልም።

ቴነር ሳክስ የሚነፋው ልጅ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። እሱ የሚነፋበት ዜማ ፉከራ አለበት፤ ፎካሪው ከደብረ ማርቆስ የመጡ አዛውንት ናቸው። ልጁ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ክፍት ቦታ ካየ አያስችለውም፣ ይሞላዋል። አዛውንቱ ስቱዲዮው ጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትተነፍሰው?» አሉት።

«ኖታው ሲያልቅ ነዋ፣ አባባ።»

«ተው እንጂ! ዘራፍ ካልክ በኋላ ዝም በል። ጠላት የሚፈራው ያኔ ነው።»

ልጁ አልተቀየመም። ሳክሱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «እስቲ አንዴ ይበሉልኝ» አላቸው። ተነሥተው ፎከሩለት። የት ላይ ድምፃቸውን እንደሚያነሡ፣ የት ላይ እንደሚያቆሙ፣ አፋቸውን እያየ ሰማቸው። ከዚያ ክሊኩን አስጠፋና ነፋ። በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስ ሲነፋ የሰማ ሰው ይገባዋል፤ የድምፁ ሻካራነት ብቻ ሳይሆን ዝም የሚልበት ቦታ ጭምር ነው። ልጁ ሐረጉን ጨርሶ ሲያቆም እኔም ቤዙን አፈንኩት፤ ድራመሩም እጁን ሰበሰበ። ማንም አልመከረንም። አዛውንቱ ብቻ «እሰይ!» አሉ፤ «እሰይ»ታቸውም አብሮ ተቀርጿል።

አቀናባሪያችን ይህን ቅጂ ወስዶ ወደ ክሊኩ ጎተተው፤ ዝምታዎቹንም በኪቦርድ ሞላቸው። ስደውልለት «ባዶ ቦታ ሰው ያሰለቻል፤ ደግሞ ከቴምፖ ወጥቷል» አለኝ። ከቴምፖ መውጣቱን መቼ አጣሁት! ፉከራ በሰው ትንፋሽ እንጂ በክሊክ አይለካም። በእሱ ቤት ዜማውን አስተካክሎታል፤ በእኔ ቤት ግን አዛውንቱ ለልጁ የሰጡትን አንድ ትምህርት ደምስሶታል። ስቱዲዮውን የከፈለው እሱ ስለነበር የእሱ ሚክስ ወጣ።

መድረክ ላይ ዜማውን የምንጫወተው ያለ ኪቦርዱ ሙሌት ነው። ቴነሩ ሲያቆም ሁላችንም እናቆማለን፤ ከታች «ዘራፍ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለሁለተኛው አልበም ስንዋዋል፣ የመጨረሻውን ሚክስ ባንዱ ሳይሰማ እንዳይወጣ አስጽፌያለሁ።