ማኅተም የሌለው ተመራማሪ

የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ታሪክ ለመጻፍ የምርምር ድጋፍ ጠይቄ ነበር። ዛሬ መልሱን ሰማሁ።

«ሐሳቡ ግሩም ነው። ከየትኛው ተቋም ነዎት?» አለችኝ ልጅቷ።

«ከየትም፤ በግሌ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያውስ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያምጡ።»

ማኅተሙን ከየት ላምጣ? ዩኒቨርሲቲው ለራሱ መምህራን እንጂ ለእንደኔ ዓይነቱ ውጭ አዳሪ አይጽፍም። በበጀቴ ላይ «ለአዛውንቶች መስተንግዶ» ያልኩት መስመርም በቀይ ተሰርዟል። ድሬዳዋ ላይ ያለ ሻይና ያለ ጫት ማን ቁጭ ብሎ ያወራል?

ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን ማንም አንብቦ ያውቃል። የዐፄ ምኒልክና የስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው የአልፍሬድ ኢልግ ስምም በየመጽሐፉ አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ በወርክሾፑ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረው፣ ፈረንሳይኛን ከሥራው ላይ የለቀመው፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ነው። ድርጅቱ በፈረንሳይኛ የጻፈው መዝገብ ደመወዙን ይነግረን ይሆናል፤ በሌሊት ፈረቃ ከጓደኞቹ ጋር የተጫወተውን ግን እሱ ካልነገረን ማን ይነግረናል? እነዚህ አዛውንቶች ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት አይጠብቁልኝም።

ለማንኛውም ቅዳሜ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ደህና የድምፅ መቅረጫ የሚያውሰኝ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ በሰላም እመልሳለሁ።