ቅባት የበላው አሻራ

«እህት፣ ምን ነክተሽ ነው የመጣሽው?»

መታወቂያ መዝጋቢው ነው። ጮክ ብሎ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ከበሩ አልፎ ግቢው ውስጥ ተጠማዟል፤ ሁሉም ሰማ።

የነካሁት ቦዲ በተር የሚሉት የቆዳ ቅባት ነው፤ እቤት የሠራሁት። ሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት)፣ የኮኮናት ዘይት፣ ትንሽ የጉሎ ዘይት። በፈላ ውሃ ላይ አቅልጦ፣ አቀዝቅዞ፣ ክሬም እስኪመስል መምታት ነው። አሠራሩን ያየሁበት ቪዲዮ ላይ ያለችው ልጅ «በክፍል ሙቀት አስቀምጡት፣ ለስለስ ይላል» ትላለች። የማንን ክፍል አይታ ነው? የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ካላገኘ ድርቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ተሰቅላ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ 24 ዲግሪ ከየት ታምጣ? «ፍሪጅ አስገቡት» የምትለዋንማ ተዉኝ። እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሞቀው ፍሪጁ ውስጥ ነው።

ብቻ በማንኪያ ፈልፍዬ፣ ከሰል ዳር አሙቄ፣ እስከ ክርኔ ተለቀለቅሁ። ውሃ የሌለበት ቅባት ቶሎ ቆዳ ውስጥ አይገባም። መንገድ ላይ ብርዱ ሲያገኘው ጣቴ ላይ እንደ ሻማ ረጋ።

አሻራ አንባቢው ማሽን ላይ የግራ እጅ ጣቶች አለፉ። የቀኝ አራቱም እንደምንም አለፉ። የቀኝ አውራ ጣት ግን እምቢ። መዝጋቢው የማሽኑን መስታወት በሶፍት ጠረገ። እምቢ። በአልኮል ወለወለ። እምቢ። ከዚያ በኋላ አውራ ጣቴ የሕዝብ ጉዳይ ሆነ። አንዲት እናት «በአመድ ፈትጊው» አሉ። ሌላዋ «ኧረ ሎሚ ነው!» አሉ። «እንዶድ አይገኝም?» ያለም ነበር። የአመድና የሎሚ ወገን ሊጣላ ምንም አልቀረው፤ እኔ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ መሃላቸው ውሳኔ እጠብቃለሁ።

«ታጥበሽ ነይ» ተባልኩ። ቧንቧው ውሃ የለውም። መቼ ኖሮት ያውቃል? ደጅ የተለጠፈው ወረቀት የቀበሌ መታወቂያ አምጡ፣ የልደት ሰርተፊኬት አምጡ ይላል። ስለ ቅባት አንድ ቃል የለበትም።

አግዳሚው ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የእሳቸውንም ጣት ማሽኑ አላነብ ብሏል።

«የእኔንስ እርሻው በላው» አሉኝ። «ያንቺን ምን በላው፣ ልጄ?»

«ቅባት፣ አባባ።»

ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ።

የረጋ ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። በስተመጨረሻ በር ላይ ያለችው ሻይ ሻጭ ትኩስ ውሃ አፈሰሰችልኝ። የአንድ ሻይ ሒሳብም ተቀበለችኝ፤ ሻዩ ግን የለም። ማሽኑ አነበበኝ፣ ሰልፈኛው አጨበጨበ።

አሁን ያ መዝጋቢ መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር፣ ከመንገዱ ማዶም ቢሆን፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ያሳየኛል። አብረውኝ የሚሄዱ ጓደኞቼ «ምን ሠርተሽለት ነው እንዲህ የሚያደንቅሽ?» ይሉኛል።