ጠዋት ጠዋት ፊቴ ሲያብጥ ያደረግሁት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፋይናንስ ክፍል ነው የምሠራው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተወራረደ ሰነድ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት የጎጃም ኑሮ አለ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ገጠር ያሉት እንዴት አደሩ ሲባል እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ጭንቀቴ መጀመሪያ የታየው ፊቴ ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ ያብጣል፣ ጉንጬ ይነፋል። አገጬ ዙሪያ ደግሞ በጉርምስናዬ እንኳ የማላውቀው ብጉር ወጣ። ሰው ሁሉ «ተስማምቶሻል፣ ወፈርሽ» ሲለኝ፣ እናቴ ግን ከቢቸና መጥታ ገና በር ላይ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ቲክቶክ ላይ ፊት የሚነፋው በኮርቲሶል ነው የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ግማሹ እውነት ነው። ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነቃ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ስንጨነቅም ይጨምራል። በጣም በዝቶ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ፊትን ድቡልቡል የሚያደርግ ሕመም አለ፤ በሐኪሙ በሃርቪ ኩሺንግ ስም ይጠራል። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እንደ ፕሪድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም ኮርቲሶልን የሚመስል መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ ከመውሰድ ነው፤ አልፎ አልፎም ከዕጢ እባጭ። ሆድ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሰንበር ይወጣል፣ ጭን ይደክማል፣ ቆዳ በትንሽ ነገር ይበልዛል፣ ደም ግፊትና ስኳር ይጨምራል። የሰኔ ጭንቀት ብቻውን እዚያ አያደርስም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት ጤና ጣቢያ ነው። ግፊቴን ለኩኝ፣ ሽንትና ደም ሰጠሁ፣ የምወስደው መድኃኒት ካለ ተጠየቅሁ። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የፊት እብጠት ከኩላሊት ሊመጣ ይችላል፣ ከታይሮይድ ዕጢ መድከምም ሊመጣ ይችላል። ሽንቷ አረፋ የበዛበት፣ እግሯም የሚያብጥ ሰው ቤት ውስጥ መፍትሔ መፈለግ የለባትም። ነፍሰ ጡር ሆና ፊቷ ድንገት ያበጠና ራስ ምታት የያዛት ደግሞ ለነገ ማለት የለባትም፤ ያኔውኑ መታየት አለባት። የእኔ ምርመራ ደህና ሆነ። «እንቅልፍሽንና ጨውሽን እይ» ብለው ሸኙኝ።

ጨው ብዙም የምበላ አይመስለኝም ነበር። እናቴ እኔ ዘንድ በሰነበተችበት ጊዜ በርበሬ ስታሰናዳ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማው ጋር ሲቀላቀል ጨው ይገባበታል። የሽሮው እህል ሲዘጋጅም ጨው አለው። ከዚያ በርበሬው ከነጨው፣ ሽሮው ከነጨው ድስት ውስጥ ይገናኛሉ። ሊወጣ ሲል ደግሞ ቀመስ ተደርጎ «ጨው አነሰው» ይባላል። አንድ ወጥ ሦስት ጊዜ ጨው በላ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እናቴን «እማ፣ የእኔን ያለ ጨው አድርጊልኝ» አልኳት። «ያለ ጨው ምን በርበሬ አለ!» ብላ ተቆጣች። ግን አደረገችልኝ። አሁን ጨው የምጨምረው አንዴ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ። አዮዲን ያለውን ጨው ግን አልተውኩም፤ በእኛ ደጋ አገር እንቅርት ብዙ የሚታይ ነገር ነው።

ከባዱ እንቅልፉ ነበር። ተኝቼ ስልክ እከፍታለሁ፣ ዜና እያየሁ ሌሊቱ ይጋመሳል። ኮርቲሶል መውረድ ባለበት ሰዓት እኔ አእምሮዬን አነቃው ነበር። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ ጨውና ጣፋጭ ያምረዋል፤ በማግስቱ ያበጠው ፊት ከዚህም ይመጣል። ስልኩን ሳሎን መተው ጀመርኩ። ቤተሰብ የሚደውልበትን ቀላሉን ስልክ ብቻ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መተኛት የማይቻል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እራቴን አቀደምኩ፣ ትራሴን ከፍ አደረግሁ። ጋደም ስንል የሰውነት ፈሳሽ ወደ ፊት ይመጣል፤ የዓይን ቆብ ቆዳ ደግሞ በጣም ስስ ስለሆነ ቶሎ ያሳብቃል። ተነስቼ ስንቀሳቀስ ይወርዳል። ጠዋት በእግር ወደ ሥራ መሄዴ ከምንም በላይ ጠቅሞኛል፤ ምሽት መውጣት በማይመችበት ከተማ ያለን ጊዜ እሱ ነው።

ብጉሩን መነካካት ተውኩ። ጭንቀት የቆዳን ወዝ ሊያበዛና ቁስልን ሊያዘገይ ይችላል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን በሚያስታምሙ ሴቶች ላይ ትንሽ ቁስል ለመዳን ከሌሎቹ ወደ 9 ቀን ያህል የበለጠ ጊዜ እንደወሰደ አሳይቷል። አስታማሚ ያለበትን ቤት ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። ፊቴን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና እታጠባለሁ፣ ሲደርቅብኝ ቫዝሊን ስስ አድርጌ እቀባለሁ፣ ቀትር ላይ ጃንጥላ እይዛለሁ። ሎሚ ፊቴ ላይ አላደርግም፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል።

አንገብግቦ የሚያጽፈኝ ግን የክሬሙ ነገር ነው። አንዲት ታላቄ የሆኑ ባልደረባዬ «ለማድያትም ለብጉርም ፍቱን ነው» ብለው ትንሽ ቱቦ ሰጡኝ። ካርቶኑን መስኮት ጋ ወስጄ ጎኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ክሎቤታሶል ይላል። ፋርማሲ ጠየቅሁ። ከስቴሮይድ ቅባቶች እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው፤ ፊት ላይ እንዲሁ የሚቀባ አይደለም። መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፣ ያሳምራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይፈላል፣ ሲተዉት ይቀላል፣ ያቃጥላል። በጭንቀት የመጣ የመሰለውን ብጉር ክሬሙ ራሱ ሊያመጣው ይችላል ማለት ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ማን አዘዘልዎት?» አልኳቸው።

«ሁሉም ይቀባዋል እኮ፣ እታለም።»

ጉንጫቸው ላይ ቀያዮቹ ቀጫጭን መስመሮች ከቅርብ ይታዩ ነበር። ባሕር ዳር የቆዳ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን፤ ሐኪሙ ክሬሙን እንዴት እንደሚተዉት ነገራቸው። የሚዋጠውን ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በአንዴ ማቆም የለበትም፤ ዕጢዎቹ የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ቀንሰው ስለሚቆዩ አደጋ አለው።

የእኔ የዓይን እብጠት በአብዛኛው ወርዷል። ብጉሩ በጀት መዝጊያ ሲደርስ አሁንም ብቅ ይላል፤ ያኔ በርበሬውን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የማየው፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ። እትዬም አዲስ ክሬም የሚያመጣ ሰው ሲገጥማቸው ካርቶኑን ወደ እኔ ጠረጴዛ ይልኩታል።