ለሽልማቱ ምሽት ወደ ዋጋዱጉ

ፌስፓኮ፣ የአፍሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ፌስቲቫል፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ የሚዘጋጀው በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ ነው። አሁን በየሁለት ዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይካሄዳል። ወቅቱ ሃርማታን የሚሉት ነፋስ የሰሃራን አቧራ ይዞ የሚመጣበት ስለሆነ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ከአዲስ አበባ ስነሳ አስቀድሜ የያዝኩት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድና ዩሮ ነው። የአገሩ ሴፋ ፍራንክ በ1 ዩሮ 655.957 ስለተተመነ ምንዛሪው አያከራክርም። ከከተማው ውጭ ጸጥታው አስተማማኝ ስላልሆነ ከዋጋዱጉ አልወጣሁም፤ ለሌላውም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ፊልሞቹ ሲኔ ቡርኪናን፣ ሲኔ ነርዋያንና ሌሎች አዳራሾችን ተከፋፍለው ይታያሉ። አንገት ላይ ባጅ ማንጠልጠል ወንበር አያስገኝም፤ የከተማው ሰው ፊልም ወዳድ ነውና ተወዳጅ ፊልም ሲኖር ቀድሞ መሰለፍ ግድ ነው።

ትልቁ ሽልማት የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ነው፤ የሞሲ ሕዝብ ልዕልት የኔንጋ ጦር ይዛ በፈረስ ላይ ተቀምጣ የምትታይበት ሐውልት። ከ2005 ወዲህ የብርና የነሐስም አለ። ኃይሌ ገሪማ በ2009 ወርቁን በ«ጤዛ» ወስዷል። ሐውልቱ የሴት ሆኖ ሳለ እስከ 2025 ድረስ ወርቁን የወሰደች ሴት ዳይሬክተር የለችም። የቡርኪና ፋሶዋ ዳይሬክተር አፖሊን ትራኦሬ በ2023 ብሩ ላይ ደርሳለች። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

የእኛ ፊልሞች ለምን ጥቂት ሆኑ ለሚል፣ አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነበር። እስከ 2013 ድረስ ለዋናው ውድድር የሚቀርብ ረጅም ፊልም በ35 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅልል ላይ መታተም ነበረበት። አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ቤት ያጨናነቁት ሥራዎቻችን ግን በዲጂታል ካሜራ የተቀረጹ ነበሩ፤ ወደ 35 ሚሊሜትር ማሳተም ደግሞ ውድ ነው። በ2015 ዲጂታል ተፈቀደ።

የመዝጊያው ምሽት «ዋጋ 2000» በሚባለው የዋጋዱጉ ደቡባዊ ሰፈር፣ ፓሌ ዴ ስፖር በሚሉት የስፖርት አዳራሽ ነው። የአገር መሪዎች ስለሚገኙ መንገድ ይዘጋል፣ ፍተሻው ይረዝማል፤ ስለዚህ ሰዓታት ቀድሞ መድረስ ይሻላል። የልዩ ልዩ ድርጅቶች ሽልማት በዋዜማው ስለሚሰጥ ያን ምሽት የሚያልፈው ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ወርቁ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው።

ፊልም ይዞ ለሚሄድ፦ ታዳሚው ፈረንሳይኛ ነው የሚያነበው፤ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ብቻ አይበቃም። ለሲኒማ ቤት የሚዘጋጀው ዲሲፒ ፋይል ከተቆለፈ፣ መክፈቻው የሚሠራው ለተወሰነ ማሳያ መሣሪያና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ፊልሙ የሚታይበት ጊዜ ለነገ ከተላለፈ ወይም አዳራሽ ከተቀየረ ፊልሙ አይከፈትም። ስለዚህ መክፈቻው ቢያንስ ለፌስቲቫሉ ሳምንት ሙሉ እንዲሠራ ማስደረግ፣ ከዚያም ፈረንሳይኛው ምስሉ ላይ የታተመበት ያልተቆለፈ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ መያዝ ነው።