የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሚዲያ ለመጎብኘት ለምትነሱ

ይህን የምጽፈው ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። በተለይ የመጨረሻ ዓመት ደርሳችሁ ምረቃው ሲቀርብ ሆዳችሁ ባር ባር ለሚለው። እኔንም ብሎኝ ነበር። ዜና አጻጻፍ ተምረናል፣ መቅረጸ ድምፅም ይዘናል። የሚሠራ የዜና ክፍል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ኤዲተርም አልነበረኝም። ሥራ ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሚዲያ ሄጄ ግማሽ ቀን ልዋል፣ የሚሠሩትንም ሰዎች ልተዋወቅ አልኩ። ሬዲዮም ዩቲዩብም የሚሠራ አንድ የግል ድርጅት መረጥኩ።

ዝግጅቱ አልከበደኝም። ፕሮግራሞቻቸውን ለሳምንታት በየቀኑ አዳመጥኩ። የአዘጋጆቹን ስም ጻፍኩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቀርጬ የሠራሁትን አጭር የሬዲዮ ዝግጅት ስልኬ ላይ ጫንኩ።

መከራ ያየሁት በደብዳቤው ነው።

የግቢያችን ካሪየር ሴንተር (ስለ ሥራ ፍለጋ የሚያማክረን ቢሮ) ምክር አጭር ነው፤ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ለሰው ሀብት አስገቡ፣ መልስ ጠብቁ። ጸሐፊዋ ጋር ሄድኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የተዘጋጀ ደብዳቤ አላቸው። ስሜንና የመታወቂያ ቁጥሬን ሞልተው፣ ማህተም አስመትተው ሰጡኝ።

ድርጅቱ በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን ያዙ። ላፕቶፔን ከቦርሳ አስወጥተው ገለበጡትና ሲሪያል ቁጥሩን አንድ በአንድ መዝገብ ላይ አሰፈሩ።

«ማን ጋር ነሽ?»

«ሰው ሀብት፣ ጋሼ።»

«ቀጠሮ አለሽ?»

«ደብዳቤ ይዣለሁ።»

«ደብዳቤ ከሆነ ለመዝገብ ቤት ሰጥተሽ ትመለሻለሽ።»

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገና የመጀመሪያውን መስመር አይታ መለሰችልኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ አንቀበልም። የድርጅቱ ስም ተጠቅሶ ይምጣ።» ይሁን ብዬ ወደ ግቢ ተመለስኩ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ለስብሰባ አዳማ ሄደዋል። ተወካያቸው «ለወጪ ደብዳቤ ውክልና አልተሰጠኝም» አሉኝ። በሌላ ቀን ፊርማው ተገኘ፤ ማህተሙ ግን ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ የተሰጣቸው ሴትዮ ለቅሶ ላይ ናቸው። «ነገ ነይ።» ነገም ስሄድ ነገ ሆነ። አንድ ስም ለመቀየር ነው እኮ ይህ ሁሉ።

በመጨረሻ ደብዳቤው ገባ። ጫፉ ላይ «ለሰው ሀብት» ተብሎ ተመራ። «ደውለሽ ጠይቂ» ተባልኩ። ስደውል የሰው ሀብት ባለሙያዋ ገና ስሜን ሳልጨርስ «አፓረንትሺፕ ሞልቷል» አሉኝ፤ የተማሪዎች የሥራ ልምምድ ማለታቸው ነው።

«አፓረንትሺፕ አልጠየቅኩም። ለግማሽ ቀን መጎብኘት ነው የፈለግኩት።»

«ደብዳቤው ላይ ‹አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት› ነው የሚለው። ያ አፓረንትሺፕ ነው።»

በአካል ሄጄ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ወረቀቱን አንስተው ያንኑ መስመር በእስክሪብቶ እያመለከቱ ደግመው አነበቡልኝ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ የምፈልገውን በአፌ እየተናገርኩ፣ እሳቸው ግን ወረቀቱን ይሰማሉ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ተማሪ የአንድ ግቢ በር ለማለፍ የታክሲ ብሩን እየቆጠረ ሲመላለስ፣ ከጥበቃ እስከ ኃላፊ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም? ትምህርት ክፍሉስ ቢሆን የጉብኝትና የአፓረንትሺፕ ደብዳቤን ለይቶ ማዘጋጀት ምን ያህል ይከብደዋል? ሁለት መስመር ነው።

ተናድጄ ወጣሁና ከበሩ ማዶ ያለች ጀበና ቡና ጋ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች ስለ ኮንዶሚኒየም ውኃ ይከራከራሉ። አንደኛው ሲናገር ድምፁን አወቅኩት። ለሳምንታት በጆሮዬ ሲያወራ የከረመ ድምፅ ነው።

«ይቅርታ፣ የሐሙሱን የውኃ ዝግጅት ያቀረቡት እርስዎ ነዎት?»

ዞር ብሎ አየኝ። «ኧረ አንተ በይኝ። ሰምተሽዋል?»

ሰምቼዋለሁ ብቻ አላልኩም። አምስተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የሚሸከሙት እናት የተናገሩትን ነገርኩት፤ የውኃና ፍሳሽ መልስ አጭር ሆኖብኛል አልኩ። እሱም ለምን እንዳጠረ አስረዳኝ። ከዚያ የኔን ጠየቀኝ። ኢርፎን ሰጥቼ የምናለሽ ተራውን አሰማሁት። ቡናው ሳያልቅ ስልኩን አነሳና ውስጥ ላለ ሰው «አንዲት ልጅ ይዤ እገባለሁ» አለ። ጥበቃው መዝገቡ ላይ «እንግዳ» ብለው ጻፉ። አለቀ።

ስቱዲዮውን፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉን፣ የዜና ጠረጴዛውን አየሁ። ቪዲዮ ላይ ስላያችኋቸው አልዘረዝርም። የጠቀመኝ ኤዲተሩ አጠገብ የተቀመጥኩበት ሰዓት ነው። ዝግጅቴን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኋላ መለሰና «ምናለሽ ተራ በመርካቶ ከሚገኙ…» የሚለውን ድምፄን አለፈው። በርሜል የሚቀጠቅጠው መዶሻ የሚሰማበት ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመ። «ከዚህ ጀምሪ። መጀመሪያ መዶሻው ይሰማ፤ አንቺ ቆየት ብለሽ ግቢ።» ይህን ክፍል ውስጥ በአንድ ሴሚስተር አላገኘሁትም።

ቀጥሎ ስለ ሚዲያ ሕግ ጠየቀኝ። ክፍል ውስጥ የተሰጠን ስላይድ ዛሬም የቀድሞው የሚዲያ አዋጅ 590/2000 ላይ ነው የቆመው። እኔ ግን እሱን የተካውን አዋጅ 1238/2013ን ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል ማስጠየቁ ቀርቶ በፍትሐ ብሔር እንዲታይ መደረጉን ነገርኩት። «ብዙ አመልካች ይህን አያውቀውም» አለኝ። ኮራሁ። ሰው ሀብት ውስጥ የተቃጠልኩት ሁሉ ለጊዜው ቀለለኝ።

እና እኔን ብትሰሙኝ፣ ካሪየር ሴንተር የሚላችሁን ሁሉ አትከተሉ። በሰው ሀብት አትጀምሩ። ሰው ሀብት የሚያውቀው ቅጥርና አፓረንትሺፕ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ዜና የሚሠራውን ሰው ነው። ደብዳቤ የግድ ካሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን አትቀበሉ። የድርጅቱ ስም፣ ቀኑና «የግማሽ ቀን ጉብኝት» የሚለው ሐረግ ይግባበት። ደግሞ ማህተሙ የት እንዳለ ሳታውቁ ፊርማ አትጠብቁ።

ቀን ምረጡ። አዲስ አድማስ ጋዜጣ ቅዳሜ ይወጣል፤ ሐሙስና አርብ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። የአማርኛው ሪፖርተር እሁድና ረቡዕ ነው፤ ቅዳሜና ማክሰኞን ተዉት። ሬዲዮ ከሆነ የጠዋቱ ፕሮግራም እስኪያልቅ ጠብቁና ሲወጡ ያዟቸው።

ሙሉ ልብስ ልበሱ የሚለውንም ተዉት። ሪፖርተሮቹ በስኒከር ነው የሚሮጡት። ሲቪ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሥራዬን ግን አዳምጠዋል። ሥራችሁ ስልካችሁ ላይ ይኑር፣ ያለ ዳታም ይከፈት።

ስትለያዩ ቴሌግራም ተቀበሉ። በዚያው ሳምንትም አንድ የሚነበብ ወይም የሚደመጥ ነገር ላኩ። «እንዴት ነህ» ብቻ እየጻፋችሁ አታሰልቹ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለሰላምታ ብቻ ጊዜ የለውም። እኔ ከመዶሻው ጀምሬ እንደገና የቆረጥኩትን ለኤዲተሩ ላክሁለት። «አሁን ሆነ፤ ሌላ ርዕስ አምጪ» አለኝ። አሁን የሾላ ገበያ ቅቤ ነጋዴዎችን እየቀረጽኩ ነው።