የጫካ ሳይክላመንን ከዘር ሳበቅል የተማርኩት

የጫካ ሳይክላመንን፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያብበውን ትንሽ የአበባ ተክል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘራሁት ከከረመና ከደረቀ ዘር ነበር። ዘሩን ሳላርስ አፈር ላይ በትኜ፣ መትከያውን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ አኖርኩት። ዘሩ ሲበቅል የማይወዳቸውን ሦስት ነገሮች፣ ድርቀትን፣ ብርሃንንና ሙቀትን፣ በአንድ ጊዜ አሟልቼለት ስለነበር ሦስት ወር ሙሉ አንዳች ሳይበቅል ቀረ።

በሁለተኛው ሙከራ ከራሴ ተክል ዘር ለመልቀም ወሰንኩ። አበባው ከረገፈ በኋላ አገዳው እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ የዘሩን ቋት ወደ አፈር ያወርደዋል፤ ዘሩም በዚያ ወራት ቆይቶ ይበስላል። ነገር ግን ዘሩን የሚሸፍነው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ነገር ጉንዳኖችን ስለሚስብ፣ አንድ ጠዋት ስደርስ ቋቱ ተከፍቶ ባዶውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቋቱ በጣት ሲነካ መለስለስ እንደጀመረ፣ ገና ሳይከፈት እለቅመዋለሁ። የደረቀ ዘር ብቻ ከሆነ ያለኝ፣ አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ።

አፈሩን ከበሰበሰ ቅጠልና ከሻካራ አሸዋ እኩል ቀላቅዬ፣ ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብሬ፣ መትከያውን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ በሆነ ቦታ አስቀመጥኩት። በሰባተኛው ሳምንት ላይ ትዕግሥቴ አልቆ አንዱን መትከያ ገለበጥኩት። የአፈሩን ጓል በጣቴ ስሰብረው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ሐመር ድቡልቡል ነገር፣ ከሥሩ ነጭ ክር አውጥቶ ተጋድሞ አገኘሁ። ሳይክላመን ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ድንች መሰል ሥሩን ከመሬት በታች እንደሚሠራ ያወቅሁት ያኔ ነው። የቻልኩትን ያህል መልሼ ቀበርኩ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም አንገቱን የደፋ አንድ አንድ ቅጠል ብቅ ሲል ላስቲኩን አንሥቼ ወደ ብርሃን፣ ነገር ግን ቀጥተኛ ፀሐይ ወደማያገኘው ቦታ አዛወርኩት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ነው። የሙቀት ወራት ሲገባ፣ ያደጉት ተክሎች ቅጠላቸውን ጥለው የሚያርፉበት ጊዜ ስለሆነ፣ ችግኞቹንም እንደነርሱ ቆጥሬ ውሃ ነፈግኋቸው፤ ትንንሾቹ ሥሮች ግን ድርቀቱን የሚችሉበት ስንቅ ስላልነበራቸው ግማሾቹ ጨረጨሱ። አሁን በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አፈሩን እርጥብ አደርጋለሁ፣ ነገር ግን ውሃ እንዲቋጥር አልፈቅድም።

ወደ ዛፍ ጥላ ሳዛውራቸው ያሉኝን ሁለት የሳይክላመን ዓይነቶች፣ ሄደሪፎሊየምንና ኮውምን፣ መለየት ነበረብኝ። ሄደሪፎሊየም ሥሩን የሚሰደው ከላይና ከጎን ስለሆነ ከአፈሩ ወለል ዝቅ አድርጌ ቀበርኩት፤ ኮውም ግን ከታች ስለሚሰድ ብዙም አላጠለቅሁትም። የመጀመሪያውን አበባ ያየሁት በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሄደሪፎሊየም ከቅጠሉ በፊት ስለሚያብብ፣ ባዶ ነው ባልኩት አፈር ላይ ሮዝ አበባው ብቻውን ቆሞ ነበር።