ሉዊስ ላይ ያሳለፍኩት ቀን

ዛሬ የእረፍት ቀኔ ስለነበር ከለንደን ባቡር ይዤ ሉዊስ ወረድኩ። ደቡብ እንግሊዝ፣ ሳሴክስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወንዙ ዳር ሃርቪስ የሚባል ቢራ ጠማቂ ፋብሪካ አለ፤ ከ1790 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ። ድልድዩ ጋ ስደርስ የብቅል ሽታ ተቀበለኝ። የእናቴ ጓዳ ድቅን አለብኝ።

ፐብ (መጠጥ ቤት) ገብቼ አንድ ፓይንት፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ሪል ኤል የሚባል ቢራ አዘዝኩ። ይሄ ቢራ በርሜሉ ውስጥ ሆኖም መፍላቱን አያቆምም፤ እርሾው ሕያው ነው። ጋዝ አይጨመርበትም። ልክ እንደ ጠላችን! አስተናጋጇ የቢራ መቅጃውን ረጅም እጀታ ቀስ ብላ ሳበች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ሳበች። ደፍርሶ የነበረው ብርጭቆ ከሥሩ ጀምሮ እየጠራ መጣና የጠቆረ ማር መሰለ።

"የእንግሊዝ ቢራ ሙቅ ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይደለም። 12 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የምድር ቤት ቅዝቃዜ። በረዶ የሆነ ቢራ ምላስ ያደነዝዛል። እዚህ ግን ምሬቱም የብቅሉ ጣፋጭነትም ለየብቻ ይታወቃል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋዝ ያለበትን ቢራ ሲያስፋፉ ይሄኛው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1971 ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር ተመሥርቶ ተሟገተለት። እግዜር ይስጣቸው።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ስለ ጌሾ ጠየቁኝ። ቅጠሉን፣ እንጨቱን፣ ጋኑን አጥኖ ማዘጋጀቱን ሁሉ ነገርኳቸው። ውሻቸው እግሬ ላይ ተኝቷል። ባቡሩ አመለጠኝ፤ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ።